የቀን ዓሣና የሌሊት ዓሣ

ለመሆኑ ሰው ዓሣ ለማጥመድ ጨለማን የሚመርጠው ለምንድን ነው? በብርሃን ውሃው ይታያል፤ ድንጋዩ ከጉድጓዱ ይለያል፤ እግርም የሚረግጠውን ያውቃል። በሰሜን አሜሪካ፣ በሚሺጋን ግዛት በሚፈሰው በኦ-ሳብል ወንዝ ግን በሰኔ ወር አጋማሽና መጨረሻ የሚታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። የቀኑ አጥማጅ ዕቃውን ሸክፎ ወደ ቤቱ ሲያቀና፣ እስከ ደረት የሚደርስ ውሃ የማያስገባ ልብስ የለበሱ ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ከዳር ተቀምጠው ጀንበር እስክትጠልቅ ይጠብቃሉ። ሲጨልምም መብራት አያበሩም። ከውሃው መካከል ቆመው ጆሮአቸውን ይሰጣሉ። የሚሹት ዓሣ ትራውት ይባላል፤ የሚፈልጉትም በዓይን ሳይሆን በድምፅ ነው።

የሚያጠምዱበት ዘዴ መረብ አይደለም፤ ትል የተሰካበት መንጠቆም አይደለም። በትንሽ መንጠቆ ላይ ላባ፣ ጠጉርና ክር ጠምጥመው በራሪ ነፍሳት አስመስለው ይሠራሉ። ክብደት የሌላትን ይህችን የውሸት ዝንብ በረጅም ዘንግና ወፈር ባለ ገመድ ወዲያና ወዲህ እያወናጨፉ ከውሃው ላይ ያሳርፏታል። ፈረንጆቹ “ፍላይ ፊሺንግ” ይሉታል፤ እኛ በዝንብ አምሳያ ማጥመድ ብንለው ያስኬዳል።

ይህን ልማድ የባለጸጎች ጨዋታ አድርጎ የሚያየው ብዙ ነው። ጨዋታነቱ አይካድም። ይሁን እንጂ ከጨዋታው ጀርባ ታሪክ አለ። የኦ-ሳብል ሰዎች ሌሊቱን የለመዱት መጀመሪያ ወደው አልነበረም። በጠራራ ፀሐይ የሚያዝ ዓሣ ነበራቸው፤ ጨረሱት። ሌሊቱን ያስተማራቸው ከዚያ በኋላ ከባሕር ማዶ የመጣ ሌላ ዓሣ ነው። ስለዚህ የዚህ ወንዝ ታሪክ የሁለት ዓሦች ታሪክ ሲሆን፣ ከዚያም አልፎ ሰው ያለ ድካም ያገኘውን ምን እንደሚያደርገውና ደክሞ ያገኘውን እንዴት እንደሚይዘው የሚናገር ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወንዙና የቀድሞ ባለቤቶቹ

ኦ-ሳብል የሚለውን ስም ያወጡት ፈረንሳዮች ናቸው፤ ትርጉሙ ከአሸዋ ጋር የተያያዘ ነው። ስሙ በከንቱ አልወጣም። በጥንት ዘመን አገሩን ሸፍኖ የነበረው የበረዶ ግግር ሲቀልጥ ጥልቅ የሆነ የአሸዋና የጠጠር ምንጣፍ ጥሎ ሄደ። ዝናቡና የክረምቱ በረዶ በዚህ አሸዋ ውስጥ ይሰርግና ቆይቶ በምንጭ መልክ ወንዙን ይመግባል። ከዚህ የተነሣ ኦ-ሳብል እንደ ሌሎች ወንዞች አንዴ ሞልቶ አንዴ አይደርቅም። በበጋ ሙቀትም ቀዝቃዛና ጥሩ ሆኖ ይፈሳል። ወደ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ተጉዞ ከሂዩረን ሐይቅ ይገባል። ቀዝቃዛ ውሃ ለሚሻ ዓሣ ከዚህ የተሻለ ቤት አይገኝም።

የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ራሳቸውን አኒሺናቤ ብለው የሚጠሩት ናቸው፤ ኦጂብዌ፣ ኦዳዋና ፖታዋቶሚ የሚባሉት ነገዶች ከነዚህ ወገን ናቸው። በታላላቆቹ ሐይቆች አገር ሌሊት ዓሣ ማጥመድን የጀመሩት ነጮቹ አይደሉም። ኦጂብዌዎች ከታንኳቸው ፊት ችቦ አብርተው፣ ብርሃኑ የገለጠውን ዓሣ በጦር ይወጉ ነበር። በጎረቤት ግዛት በዊስኮንሲን የሚገኘውን አንድ ሐይቅ ፈረንሳዮች “ላክ ዱ ፍላምቦ” ማለትም የችቦ ሐይቅ ያሉት ይህንኑ አይተው ነው። ያ ሌሊት ቤተሰብ የሚመገብበት ሌሊት ነበር። እነዚህ ሕዝቦች በ1819 እና በ1836 በተፈረሙ ውሎች የሰሜናዊ ሚሺጋንን አብዛኛውን መሬት ለአሜሪካ መንግሥት እንዲለቁ ተደረገ። መሬቱ ከእጃቸው ሲወጣ ደኑና ወንዙም አብሮ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የሆነው በሌላ እጅ ነው።

የቀኑ ዓሣ

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኦ-ሳብል ይርመሰመስ የነበረው ዓሣ ግሬይሊንግ ይባላል። በጀርባው ላይ እንደ መርከብ ሸራ የሚዘረጋ ሰፊ ክንፍ አለው፤ ክንፉም በቀለማት ነጠብጣብ የተዋበ ነው። የሳይንስ ስሙ ቲማለስ ሲሆን፣ ስሙ የተወሰደው ከጦስኝ ነው። ገና ከውሃ ሲወጣ ጦስኝ ጦስኝ ይሸታል ስለሚባል ነው። በደጋው አገራችን ጦስኝ ቀጥፎ ሻይ ያፈላ ሰው ሽታውን ሳይቸገር ይገምተዋል።

የሚሺጋኑን ግሬይሊንግ ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው ኤድዋርድ ድሪንከር ኮፕ የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው፤ ዘመኑም 1865 ነበር። ያን ጊዜ አገሩ ጥቅጥቅ ያለ ደን ስለነበረ ወደ ወንዙ የሚደርሰው ሰው ጥቂት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን የባቡር ሐዲድ መጣ። በ1870ዎቹ ባቡሩ ከወንዙ ዳር ሲደርስ ከዲትሮይትና ከቺካጎ ሳይቀር ሰው ይጎርፍ ጀመር። ክራውፎርድ ትባል የነበረችው የባቡር ጣቢያ ከተማም ስሟ ተለውጦ በዓሣው ስም ግሬይሊንግ ተባለች። እስከ ዛሬም የምትጠራው በዚሁ ስም ነው።

ይህ ዓሣ የዋህ ነበር። በመንጋ ይኖራል፤ በቀን ብርሃን ይበላል፤ የወረደለትን የውሸት ዝንብ ሳይጠራጠር ይጎርሳል። የዘመኑ አጥማጆች በአንድ ክር ላይ ሦስት ዝንብ አስረው ሲወረውሩ ሦስት ዓሣ በአንዴ ያወጡ ነበር። ከመንጋው አንዱ ሲያዝ ቀሪው አይሸሽም፤ ተራውን የሚጠብቅ ይመስላል። የያዙትን የበሉ በሉት፤ የተረፈውን በበረዶ አሽገው በባቡር ለከተማ ምግብ ቤቶች ላኩት። ከዚያ የተረፈው ደግሞ ከወንዙ ዳር በስብሶ ቀረ። የሚቆጥር አልነበረም፤ በቃ የሚልም አልነበረም። “በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል” እንዲሉ፣ የግሬይሊንግ ብዛት ራሱ ዋጋውን አሳጣው።

መጋዝና ግንድ

ይሁንና ጥፋቱን ሁሉ በአጥማጁ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ከመንጠቆው የከፋው መጋዙ ነበር።

ሰሜናዊ ሚሺጋን ነጭ ፓይን የሚባለው ግዙፍ ዛፍ አገር ነበረ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ ከተሞች ሲያብቡ ቤቱ የሚሠራው፣ አጥሩ የሚታጠረው ከዚህ እንጨት ነበር። ከ1870 ገደማ ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት ሚሺጋን በእንጨት ምርት ከአገሪቱ ግዛቶች ሁሉ ቀዳሚ ሆነች። ዛፉ የሚቆረጠው በክረምት ነው፤ ግንዱ በበረዶ ላይ እየተጎተተ ከወንዝ ዳር ይከመራል። በጸደይ በረዶው ቀልጦ ውሃው ከፍ ሲል ግንዱ ሁሉ ወደ ወንዙ ይለቀቃል። ያ የእንጨት ጎርፍ የወንዙን ወለል እየፋቀ፣ ዳሩን እየናደ እስከ ሐይቁ ይወርዳል።

አሁን ነገሩን ልብ ይሏል። ግሬይሊንግ እንቁላሉን የሚጥለው በጸደይ፣ ከጠጠር ላይ ነው። ግንዱ የሚለቀቀውም በጸደይ፣ በዚያው ጠጠር ላይ ነው። ዓሣው ልጁን የሚያሳድግበት ሳምንትና ነጋዴው ትርፉን የሚያወርድበት ሳምንት አንድ ሆነ። ዳር ዳሩን ያለው ዛፍ ስላለቀ ጥላው ቀረ፤ ውሃው ሞቀ። ሥር የያዘው አፈር ስለተለቀቀ አሸዋውና ደለሉ ወርዶ ጠጠሩን ቀበረው። ከቁርጡ የተረፈውን ጭራሮና ቅርንጫፍ ደግሞ እሳት እየተነሣ በላው።

በላዩ ላይ ሰዎች ሌላ ዓሣ ጨመሩበት። ግሬይሊንግ እያነሰ ሲሄድ ወንዙ ባዶ እንዳይሆን በሚል ሐሳብ ብሩክ ትራውት የተባለውንና ከካሊፎርኒያ የመጣውን ሬይንቦ ትራውት ለቀቁበት። የተዳከመው ግሬይሊንግ ከነዚህ ጋር ምግብና ቦታ መሻማት ግዴታ ሆነበት። መንጠቆው፣ መጋዙ፣ ሙቀቱ፣ ደለሉና እንግዳው ዓሣ ተባብረው ሥራቸውን ሠሩ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከኦ-ሳብል ግሬይሊንግ ማውጣት ወሬ የሚሆንበት ነገር ሆኖ ነበር። በ1936 ከመላው ሚሺጋን ጠፋ። በስሙ የተጠራችው ከተማ ስሙን ይዛ ቀረች።

ከባሕር ማዶ የመጣው እንግዳ

በ1880 በበርሊን ከተማ ዓለም አቀፍ የዓሣ ሀብት ዐውደ ርዕይ ተደርጎ ነበር። በዚያ ላይ ፍሬድ ማዘር የተባለው አሜሪካዊ የዓሣ እርባታ ባለሙያ ከጀርመናዊው ባሮን ፎን ቤር ጋር ተዋወቀ። ባሮኑ የአገሩን ዓሣ፣ ቡናማውን ትራውት አስጠመደው። ማዘር በዓሣው ተማረከ። ከዚህ ትውውቅ የተነሣ በ1883 የካቲት ወር ቬራ የተባለችው የጀርመን መርከብ 80,000 ያህል የቡናማ ትራውት እንቁላል ይዛ ኒው ዮርክ ደረሰች። ከእንቁላሉ ከፊሉ ሚሺጋን ውስጥ ኖርዝቪል ወደሚገኘው የመንግሥት ማራቢያ ተላከ። በሚያዝያ 1884 ደግሞ 4,900 ጫጩት ዓሦች ከፔር ማርኬት ወንዝ ገባር ከባልድዊን ተለቀቁ። ቡናማው ትራውት ወደ አሜሪካ ወንዝ ሲገባ የመጀመሪያው እንደሆነ የሚነገረው ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ወደ ሌሎቹ የሚሺጋን ወንዞችም፣ ወደ ኦ-ሳብልም ተዛመተ።

አቀባበሉ ግን ሞቅ ያለ አልነበረም። ቡናማው ትራውት ከብሩክ ትራውት ይልቅ ሞቅ ያለ ውሃ ይችላል፤ ያድጋል፤ ትንንሾቹን ዓሦች ይበላል። ከሁሉ በላይ ግን አጥማጁን ያናደደው አለመያዙ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲወረወርለት የሚውለውን የውሸት ዝንብ ዞር ብሎ አያይም። የለመዱት ዓሣ ሦስት በአንዴ የሚወጣ ስለነበረ፣ ይህኛው ለእነሱ የማይረባ ሆነ። ብዙዎች “የጀርመኑ ዓሣ” እያሉ አጣጣሉት። ጥፋቱ የዓሣው ሳይሆን የእነሱ ሰዓት መሆኑን ለመረዳት ጊዜ ወሰደባቸው።

የሌሊቱ ዓሣ

ቡናማ ትራውት በተለይ ሲያረጅና ሲገዝፍ የሌሊት ፍጡር ይሆናል። ይህን አጥማጆቹ በልምድ ካወቁት ብዙ ቆይቶ ሳይንቲስቶች በመሣሪያ አረጋገጡት። በ1990 የታተመ አንድ ጥናት በኦ-ሳብል ደቡባዊ ገባር ውስጥ በሚኖሩ 8 ትልልቅ ቡናማ ትራውቶች ሆድ ጥቃቅን የሬዲዮ ማሠራጫ ቀብሮ ተከታተላቸው። ቀን ከወደቀ ግንድና ከእንጨት ክምር ሥር ተሸሽገው ይውላሉ፤ ሲመሽ ወጥተው ያድናሉ። ከመካከላቸው ከበጋ ቦታው እስከ ክረምት ቦታው ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዘም ተገኝቷል። ቀን በዚያ ድልድይ ላይ ቆሞ ውሃውን ቁልቁል የሚያይ ሰው ወንዙ ባዶ ነው ብሎ ቢምል አይፈረድበትም።

ሌሊቱን የበዓል ሌሊት የሚያደርገው ግን አንድ ትንሽ ነፍሳት ነው። የሳይንስ ስሙ ሄክሳጄኒያ ሲሆን የአገሩ ሰው አሳጥሮ ሄክስ ይለዋል። ከውሃው በታች ካለው ደለል ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ አንድ ዓመት፣ ብዙ ጊዜም ሁለት ዓመት ይኖራል። ከዚያ በሰኔ ሞቃት ምሽት፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ወደ ላይ ይወጣና ቆዳውን ገፎ ክንፍ ያወጣል። ክንፍ ካወጣ በኋላ አይበላም፤ የሚበላበት አፍም የለው። ያለው ዕድሜ አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው። በዚያች ዕድሜው ይጋባል፤ እንቁላሉን ውሃ ላይ ይጥላል፤ ይሞታል። በሺህ የሚቆጠሩት አብረው ሲረግፉ ዓመቱን ሙሉ ተደብቆ የኖረው ትልቁ ትራውት ጥንቃቄውን ይረሳል። ቀደም ባለው ዘመን የሚሺጋን አጥማጆች ይህን ነፍሳት በስሕተት “የሚሺጋን ካዲስ” ይሉት ነበር፤ ካዲስ ግን ሌላ ዓይነት የውሃ ነፍሳት ነው። ስሙን ቢስቱም ሰዓቱን አልሳቱም።

ሰው ከዚህ ሌሊት ፊት ሲቀርብ የቀን ዕውቀቱ አይበቃውም። ብልህ አጥማጅ በቀን ይመጣና ባዶ እጁን ወንዙን ይረግጣል። የቱ ጋ እንደሚጠልቅ፣ የቱ ጋ ግንድ እንደወደቀ፣ ከየትኛው ቅርንጫፍ ክሩ እንደሚጠመጠም ያጠናል። ሲመሽ ከመረጠው ስፍራ ይቆማል፤ ከዚያ አይንቀሳቀስም። ረጅም አይወረውርም፤ ከሚያስታውሰው ርቀት አያልፍም። ክሩም ከቀኑ ክር ወፍራም ነው፤ በጨለማ ዓሣው ክሩን አጥርቶ አያይምና፣ የሚያዘውም ትልቅ ነውና። መብራት ቢያበራ የራሱን ዓይን ያሳውራል፤ ዓሣውን ያስደነግጣል፤ ከታች የቆመውን ባልንጀራውንም ያስቀይማል።

የቀረው ጆሮ ነው። ትንሽ ዓሣ ነፍሳቱን ሲወስድ ይንቦጫረቃል፤ ውሃውን ይረጫል። ትልቁ ግን ድምፁ ዝቅተኛ ነው፤ ሰው በዝግታ ከንፈሩን እንደሚመጥ ያለ ነው። አጥማጁ ድምፁን ይለያል፤ በስንት ደቂቃ እንደሚደጋገም ይቆጥራል፤ ዝንቧን ከላይ በኩል ያሳርፍና ከውሃው ጋር እንድትወርድ ይለቃታል። አያያትም። ድምፁን ሲሰማ ዘንጉን ያነሣል። ወይ ክብደት ይሰማዋል፤ ወይ ባዶ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። ሦስት በአንዴ ያወጣ የነበረው ሰው የልጅ ልጅ አንድ ዓሣ ለመስማት እስከ እኩለ ሌሊት ይቆማል።

ይህ ሁሉ የተንጠለጠለው በደለል ውስጥ በሚኖር በዚያ ደካማ ነፍሳት ላይ ነው። ምን ያህል ደካማ እንደሆነ በዚያው አካባቢ በኤሪ ሐይቅ ታይቷል። ከከተማና ከፋብሪካ የሚወርደው ቆሻሻ በሐይቁ ምዕራባዊ ክፍል ያለውን ውሃ አበላሽቶት ኖሮ፣ በ1953 በበጋ መጨረሻ ከታች ያለው ውሃ ኦክስጅን አጣ፤ ሄክሱም በጅምላ አለቀ። እንደገና በብዛት መታየት የጀመረው ቆሻሻውን የሚገድብ ሕግ ወጥቶ ከተሠራበት በኋላ፣ በ1990ዎቹ ነው። ከመጥፋቱ እስከ መመለሱ 40 ዓመት ገደማ አለፈ።

ከጥፋት በኋላ የመጣ ልቦና

“ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” ይባላል። በኦ-ሳብልም ጩኸቱ የተሰማው ጅቡ ከሄደ በኋላ ነው። ቢሆንም ውሻው ጨርሶ ዝም ካለበት አገር ይሻላል።

ጆርጅ ሜሰን የናሽ-ኬልቪኔተር፣ በኋላም የአሜሪካን ሞተርስ መኪና ኩባንያ መሪ ነበር። በደቡባዊው ገባር ዳር ሰፊ መሬት ነበረው። በ1954 ሲሞት ከዚያ ውስጥ 1,500 ኤከር፣ ማለትም ከ600 ሄክታር የሚበልጠውን፣ እንዳይሸጥና እንዳይቆራረስ ተናዝዞ ለግዛቱ ሕዝብ ተወው። ቦታው ዛሬም በስሙ ይጠራል፤ ወንዙም በዚያ በኩል ቤት ሳይሠራበት በደን መካከል ይፈሳል።

የሜሰን ወዳጅ ጆርጅ ግሪፊዝ ደግሞ ከግሬይሊንግ ከተማ አጠገብ በወንዙ ዳር ቤት ነበረው፤ ቤቱንም “ጥርስ አልባው መንጠቆ” ብሎ ሰይሞት ነበር። መንጠቆ ዓሣውን እንዳያመልጥ የሚይዝ ትንሽ ጥርስ አለው፤ ያ ጥርስ ከሌለ ዓሣውን ሳይጎዱ መልቀቅ ይቻላል። በሐምሌ 1959 በዚህ ቤት 16 አጥማጆች ተሰበሰቡ። ስብሰባቸው ትራውት አንሊሚትድ የተባለውን፣ ዛሬ በመላ አሜሪካ የተስፋፋውን የወንዝ ጥበቃ ማኅበር ወለደ።

የክርክራቸው ፍሬ ነገር ቀላል ነበር። በዚያን ዘመን ግዛቱ ለመያዝ የደረሱ ትራውቶችን በማራቢያ እያሳደገ ወደ ወንዙ ያፈስስ ነበር። አጥማጁ ይይዛል፤ ወንዙ ባዶ ይሆናል፤ እንደገና ይፈሳል። እነዚህ ሰዎች ግን ወንዝ የዓሣ ማከማቻ ገንዳ አይደለም አሉ። ገንዘቡ ለውሃው ንጽሕና፣ ለዳሩ ዛፍ፣ ለጠጠሩ ይዋል፤ ዓሣው ራሱን ይተካል አሉ። በ1960ዎቹ ሚሺጋን አሠራሯን ወደዚሁ አዞረች። ዛሬ ከግሬይሊንግ ከተማ በታች “የተቀደሰው ውሃ” እየተባለ በሚጠራው 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው የወንዙ ክፍል የሚጠመደው በዝንብ አምሳያ ብቻ ነው፤ የተያዘ ትራውትም ወደ ውሃው ይመለሳል እንጂ ወደ ቤት አይወሰድም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የማይበላውን ዓሣ መንጠቆ አስጎርሶ ከዚያ መልቀቅ ምን ይባላል? ለራት ለሚያጠምድ ሰው ይህ ቅንጦት ነው፤ በዓሣ መሣቅ ነው የሚሉም አሉ። ነቀፌታው ከንቱ አይደለም። ኦጂብዌው ችቦውን ያበራ የነበረው ለልጆቹ ሲል ነበር፤ የዛሬው አጥማጅ ግን ራቱን በልቶ ነው የሚመጣው። ነገር ግን ወንዙን ያራቆተው የተራበ ሰው አልነበረም። ያራቆተው በበርሜል ለከተማ የሚልከውና በስብሶ የሚጥለው ነበር። ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ይዞ የሚለቅ ሰው ቢያንስ “በቃኝ” የሚለውን ቃል ተምሯል።

የሁለቱ ዓሦች ዳግም ግንኙነት

ቡናማው ትራውት በሰው እጅ የተጓዘው ወደ አሜሪካ ብቻ አይደለም። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እንግሊዞች ወደ ኬንያ ደጋ ወንዞች አመጡት፤ ከኬንያ ደግሞ ትራውት ወደ አገራችን መጥቶ በባሌ ተራሮች እንደ ዌብና ዳንካ ባሉ ቀዝቃዛ ወንዞች ተለቀቀ። በባሌ ትራውት ሲጠመድ የሰማ አንባቢ እንግዲህ የዓሣው የዘር ሐረግ ከየት እንደሚመዘዝ በዚህ ይረዳል። በሄደበት ሁሉ የሚከተለውም ጥያቄ አንድ ነው፦ እንግዳው ሲገባ ነባሩ ምን ሆነ?

በሚሺጋን ይህ ጥያቄ ዛሬ እንደገና ተነሥቷል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ግሬይሊንግን ከሌላ ስፍራ አምጥቶ ለመመለስ የተደረገው ሙከራ ሳይሳካ ቀርቶ ነበር። በ2016 የግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤትና ሊትል ሪቨር ባንድ የተባለው የኦዳዋ ሕዝብ አስተዳደር ሌሎችን አስተባብረው አዲስ ሙከራ ጀመሩ። የግሬይሊንግ ዘር ከአላስካ መጣ፤ በማራቢያ ሆኖ ለዓመታት አደገ። በ2025 ከ400,000 የሚበልጥ እንቁላል ለሦስት የአኒሺናቤ ሕዝቦች አስተዳደሮች ተሰጠ፤ እነርሱም በማኒስቲ፣ በቦርድማንና በሜፕል ወንዞች ውስጥ እንዲፈለፈል አደረጉት። የማኒስቲ ወንዝ ምንጭ ከኦ-ሳብል ምንጭ ብዙም አይርቅም። በውሉ ወንዛቸውን የተነጠቁት ሕዝቦች የጠፋውን ዓሣ በመመለሱ ሥራ ግንባር ቀደም መሆናቸው የታሪክ ፍርድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አስቸጋሪው ነገር ሌላ ነው። ለግሬይሊንግ ጫጩት ዋነኛ ሥጋት ከሚባሉት አንዱ ያው የተወደደው ቡናማ ትራውት ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ቡናማው ትራውት ያልበዛበትን ገባር መምረጥ ነበረባቸው። የሌሊቱ አጥማጅ ከዚህ የሚያመልጥበት መንገድ የለውም። የሚወደው ዓሣ ከጠፋው ዓሣ ቦታ ላይ ነው የተቀመጠው። ልቦናውን የሰጠው ይኸው ዓሣ ነው፤ የጥንቱ ባለቤት እንዳይመለስ የሚያግደውም ይኸው ነው።

እንግዲህ ኦ-ሳብል ላይ በሰኔ ሌሊት የቆመውን ሰው ስናስብ ከነታሪኩ ማሰብ ይገባናል። ትዕግሥቱ፣ ጸጥታው፣ የያዘውን መልቀቁ የሚመሰገን ነው። ያን ጠባይ ያወጣው ግን ችሮታ ሳይሆን እጦት ነው። አያቶቹ በቀን የነበራቸውን ቆጥበው ቢሆን ኖሮ እሱ ሌሊት ባልቆመ ነበር። ከነሱ መካከል ክፉ የነበረው ሰው ጥቂት ነው። ሁሉም የወንዙን ብዛት አይተው የማያልቅ መሰላቸው እንጂ።

እኛስ? ወንዝ፣ ደንና ሐይቅ ያለው አገር ሁሉ የራሱ የቀን ዓሣ አለው፤ በእጅ የሚታፈስ፣ ማንም የማይቆጥረው፣ የሚያልቅ የማይመስል። ሚሺጋኖች “በቃኝ” ማለትን ለመማር አንድ ዓሣ ጨርሰው፣ ሌላ ዓሣ ከባሕር ማዶ አምጥተው፣ በጨለማ መቆም አስፈልጓቸዋል። ትምህርቱን በብርሃን ለመማር የሚፈልግ ካለ የእነርሱ ታሪክ በነጻ ተቀምጦለታል።